አምስተኛው መስመር

የካቲት 6 ቀን 1981፣ ሰኞ

ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አናት ይበሳል። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ሞገድ አስተማርኩ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ፣ አሥራ ሁለት መጽሐፍ። ጠመኔው ይቧጭራል እንጂ አይጽፍም። ከኋላ የተቀመጡት ተኙ። አልቀሰቀስኳቸውም… ምን ቀረባቸው?

ስወጣ ዱባ፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ በር ላይ ያዘኝ።

"መምህር፣ ናጋ? ሰላም ነው? ጓድ ሥዩም ጣሪያው ላይ መስታወት ሰቀለ። አላዩም?"

አላየሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰው በር አላልፍም፤ በቄራው በኩል ዞሬ ነው የምገባው። ዛሬ ግን በሩ ድረስ ሄድኩ። እውነት ነው። ሁለት የፀሐይ ሰሌዳ። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ፈረንጆች ካምፓቸውን ሲዘጉ በጨረታ የወጣው ነው። አሰቃቀሉ እንኳ ልክ አይደለም፤ ወደ ምዕራብ አዘንብሎታል። የጠዋቷ ፀሐይ በከንቱ ታልፋለች።

የከተማው ጄኔሬተር የሚነሳው ለበዓልና ለስብሰባ ብቻ ነው። እኛ በኩራዝ እናነባለን። ሥዩም ፀሐይ ገዛ።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ፈተና አረምኩ። ትልቁ ውጤት 61። ባለቤቴ በለጡ ጨው አለቀ አለች።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

መጣ። ሥዩም፣ በገዛ እግሩ!

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ በለጡ ከፈተች።

"ጋሼ ኃይለሚካኤል፣ ጤና ይስጥልኝ።"

ጆሮው አጠገብ ሸብቷል። ገና አርባ ቢሆነው ነው። ካኪ ልብስ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። አልተነሳሁም። ተቀመጥም አላልኩትም። ወንበር ያመጣችለት በለጡ ናት። (በዚህ ነገር እኔና እሷ ገና እንነጋገራለን።)

"ያለፈው አልፏል ብዬ ነው የመጣሁት።"

ያለፈው አልፏል። ለማን?

ጉዳዩ ይኸ ነው። ዓብዱልባሲጥ ሱቅ ሁለት ኢንቨርተር አለ፤ እነሱም ከዚያው ካምፕ የወጡ ናቸው። የባትሪውን አሥራ ሁለት ቮልት ወደ ሁለት መቶ ሃያ ይለውጣሉ። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። የቱን ልግዛ ነው።

"የጄኔሬተር ቤት ኃላፊ አልነበርክም እንዴ?" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "ነበርኩ… ያው፣ ያውቁታል።"

አውቃለሁ። በኔ ወንበር አራት ዓመት ተቀመጠ። ሞተሩን ግማሽ ገደለውና ወደ ንግድ ቢሮ አደገ።

"በነገሌ ይህን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር የለም፣ ጋሼ።"

"ምን ልታበራበት ነው?"

"አምስት አምፖል፣ ቴፕ፣ ቬንትሌተር። እግዜር ካለ ኋላ ፍሪጅ።"

"አይቼ በጽሑፍ እነግርሃለሁ።"

ለምን እሺ አልኩ? ያኔ ንዴት መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው… አይደለም። ደስታ ነበር።

የካቲት 12፣ እሑድ

ዓብዱልባሲጥ ሱቅ ዋልኩ። ሰውየው ነገር ያውቃል። "መምህር፣ ለዚህ ለከባዱ የሚያነሳው ሁለት ሰው አገኘሁ፤ የሚገዛው አንድ ሰው አጣሁ" አለኝ። ሁለቱንም በመኪና ባትሪ ሞከርኳቸው።

ከባዱ በሆዱ ትልቅ ትራንስፎርመር አለው። ሞገዱ ለስላሳ ነው፤ ወጣ ወረድ የሚል ኮረብታ እንደማለት፣ ልክ እንደ ጄኔሬተር ኃይል። ግን ሆዳም ነው፤ አንድም አምፖል ሳይበራበት ባትሪ ይበላል። ቀላሉ በትራንዚስተር ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ይቆርጣል። ሞገዱ ማዕዘን አለው፤ ደረጃ እንጂ ኮረብታ አይደለም። ባትሪ ይቆጥባል። ለአምፖል ሁለቱም አንድ ናቸው።

ባንኮኒው ላይ ሬዲዮ ነበር፤ መንዙማ ይዟል። ቀላሉን ሳበራው… ዝዝዝዝ። መንዙማው ተዋጠ። ሳጠፋው ተመለሰ። እንደገና አበራሁት። ዝዝዝዝ። ዓብዱልባሲጥ ከጓሮ ላምባ እየቀዳ ነበር፤ አልሰማም። ሽቦ በበረንዳው ላይ ዘረጋሁና ሬዲዮውን ይዤ መንገድ ተሻገርኩ። ድምፁ ተከተለኝ። ሃምሳ እርምጃ… ሰማንያ። ሽቦው እንደ አንቴና ሆኖ ይረጨዋል። በከባዱ ስሞክር ግን ጸጥ። መንዙማው ጥርት ብሎ ይሰማል።

ቆምኩ። መንገድ መሃል ሬዲዮ ታቅፌ ቆምኩ።

የኛ ሰፈር ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ማን አለ? በር ይዘጋል፤ ሬዲዮው ላይ ጋቢ ይጣላል፤ የውጭው ጣቢያ በአማርኛ ዜና ያነባል። ልጁ ሰሜን ግንባር ያለ ሁሉ ጆሮው እዚያ ነው። ሥዩም ደግሞ መብራቱን የሚያበራው በዚያው ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሰፈሩ ይጥላው። ሰላምታ ይንሳው። ለቅሶው ላይ ሰው አይምጣ። እኔ ከእስር ስወጣ የነበረውን ዝምታ አንድ ጊዜ ይቅመሰው።

መስከረም 2 ቀን 1970። ጦርነቱ በራፋችን ነበር። ሜዳው ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ ሊቀመንበሩ ይናገራል፤ መብራቱ በኔ እጅ ነው። ሥዩም ረዳቴ ነበር። ከሞተሩ ማዶ ሆኖ ጮኸ፦ "ዘይቱ ወርዷል! ያጥፉት!" ዞሬ አየሁ፤ የዘይት ግፊቱ ከቀዩ በታች ነው። አንድ ደቂቃ ቢቆይ ሞተሩ ነክሶ ይሰበራል። በእጄ አጠፋሁት። ከተማው ጨለመ። ሰው ጠላት ገባ ብሎ ተራገጠ፤ አንድ ወታደር ወደ ሰማይ ተኮሰ። በማግስቱ አሻጥር ተባለ። ሥዩም መሰከረ። ምስክርነቱን አንብበውልኛል፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። "ንግግሩ በመካሄድ ላይ እያለ ኢንጂነሩ ሞተሩን በገዛ እጃቸው ሲያጠፉት አይቻለሁ።" ያ ብቻ። አንድ መስመር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታሰርኩባት።

አንድም ውሸት አልጽፍለትም። በሐሰት የተበቀለ ሰው ግማሽ ነው የተበቀለው። የምጽፈው ሁሉ እውነት ይሆናል።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ወረቀቱን በዱባ እጅ ላክሁ። ፈረምኩበት። አራት መስመር፦ ቀላሉ ባትሪ ይቆጥባል። ቀላሉ በዋጋ ይሻላል። ለአምፖልና ለቴፕ ይበቃል። ቬንትሌተር ትንሽ ያንጎራጉራል፣ ፍሪጅ ግን ባይሞክሩበት ይሻላል።

አምስተኛ መስመር አልነበረም።

በለጡ ከትከሻዬ ላይ አነበበችው። "እንዲህ በጥሩ ጽሑፍ ለሥዩም?" አለች። ወረቀቱን አጣጠፍኩት።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ

ቀላሉ ሥዩም ቤት ገባ! ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሬዲዮአችን አጓራ። ዝዝዝዝ… በለጡ ቁልፉን አዞረች፣ መታችው፣ ባትሪ ድንጋዩን አውጥታ ጠረገችው። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ከመቼ ወዲህ ነው የሳቅኩት?

ዛሬ በበሩ አልፌ አየሁ። ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሽቦውን እንዲሁ በአጥሩ ዙሪያ፣ ከዋናው ቤት እስከ ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ እስከ በሩ ጎትቶታል። እንዲህ ያለ አንቴና በእውቀት የሚሠራ እንኳ አይሠራውም።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ዱባ ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ።

"መምህር፣ ሬዲዮዬ ውስጥ ከኒሳ ገባች።" ንብ ማለቱ ነው። "ቀን የለችም። ማታ ትመጣለች። ንብ ማታ ትሠራለች እንዴ?"

ሰፈሩ በሙሉ ይህን ጩኸት ንቡ ነው የሚለው አሉ። ከፈትኩት፣ አየሁት። "ሬዲዮህ ጤነኛ ነው" አልኩት። እውነት ነው።

"ታዲያ ልጄ ያለበትን አገር ስሙን እንኳ መስማት አቃተኝ። እንደ ስሬ ነው የሚሉት፣ እንደ ሥላሴ…"

ግንባሩ ያለበትን የሰሜን ከተማ ማለቱ ነው። ልጁን ለጦርነት ከወሰዱት ሁለት ዓመት ሆነ። ደብዳቤ የለም። አንድ ነገር ወጋኝ። ግን… ጦርነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ? ዜናው ቢሰማስ ልጁን ይመልሰዋል?

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ነገሩ አቅጣጫውን ሳተ።

ዓብዱልባሲጥ ሱቅ ነው የሰማሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መምህር፣ አልሰሙም? ለጓድ ሥዩም ከላይ መሣሪያ ተሰጥቶታል። የውጭውን ሬዲዮ የሚያፍን። ጣሪያው ላይ ያለው መስታወት እሱ ነው" አለኝ።

"ኢንቨርተሩን የሸጥክለት አንተ አይደለህም እንዴ?"

"እኔ ሣጥን ሸጥኩ። ውስጡን አላህ ነው የሚያውቅ።"

እሺ፣ ጥላቻ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ቀበሌው ሱቅ ሄድኩ። የስኳር ሰልፍ ነው፤ መቶ ሰው ይሆናል። ሥዩም መጣ። ሰልፉ… ተከፈተ። እንደ ባሕር ተከፈተ! "ጓድ ሥዩም፣ እርስዎ ይቅደሙ።" "ጓድ ሥዩም፣ ቤተሰብ ደህና?" ባርኔጣ ያነሳ ሁሉ አለ። እሱም ምንም አልገባውም፤ ግራ ቀኝ እያየ ስኳሩን ይዞ ሄደ።

ሰው እንዲጠላው ነበር ያሰብኩት። ሰው ፈራው። በዚህ አገር የሚፈራ ሰው ደግሞ ይከበራል። ይህን በሃምሳ አራት ዓመቴ የማላውቀው ምን ነክቶኝ ነው?

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

ዱባ ለሥዩም ፍየል ወሰደለት። አንዲት የቀረችውን።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ያጥፉልኝ፣ ልጄ ግንባር ነው አልኩት። አየኝ፣ አየኝ… ሄዶ አጠፋ። ንቧ ሄደች! ጥርት ብሎ ተሰማ። መምህር፣ እውነት ነው ማለት ነው፤ የሱ ናት።"

ፍየሏንስ?

"ተቀበለ።"

ስለዚህ አሁን ገብቶታል። እንዴት እንደሚያፍን አያውቅም፤ እንደሚያፍን ግን ያውቃል። ሰው ሲጠይቀው አያስተባብልም አሉ። "ሥራ ነው" ይላል አሉ። ሥራ!

ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ

ሥዩም በር ላይ ሁለት በግ ታስሯል። እሱ አልገዛቸውም፤ ሰው ነው ያመጣለት። እኛ ዶሮ። በለጡ እየገነጠለች፣ "ምን ሆነሃል? በዓል ነው" አለች። ሁሉን ነገርኳት። ወረቀቱን፣ ሬዲዮውን፣ ሁሉን።

እጇን ታጠበች። ከዚያ፦ "አሥራ አንድ ዓመት ያንን ሰው ተሸክመህ ትተኛለህ። አልጋው ጠቦኛል፣ ኃይሌ።"

ሳሕኑን ይዛ ወጣች።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነገር ሆኗል። መፈንቅለ መንግሥት ይላሉ። የአገሩ ሬዲዮ መልስ የለውም፤ ማርሽ ብቻ ያሰማል። ተማሪዎቹን ወደ ቤት ሰደድን። ከማታው አንድ ሰዓት ጀምሮ ከተማው በሙሉ የውጭውን ጣቢያ ይፈልጋል… ዝዝዝዝ። ሥዩም አምስቱንም አምፖል አብርቷል። ፈርቶ ነው መሰል። በዚህ ሌሊት መብራት የሚያጠፋ ማን አለ?

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

ከሸፈ አሉ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተያዘ፣ የሚያውቅ የለም። ንቡ ሁሉንም በላው።

ግንቦት 11፣ ዓርብ

ሥዩም ተያዘ!

ንጋት ላይ በላንድሮቨር መጡ። ሰሌዳዎቹን ከጣሪያ አውርደዋል፤ ሣጥኑንና ባትሪዎቹን ጭነዋል፤ ከአጥሩ ላይ ሽቦውን ገሽልጠው ወስደዋል። የጸጥታዎቹም ሬዲዮ በዚያች ማታ ታፍኖ ነበር ለካ። እኛ ያላዘዝነው ማፈኛ ማን ሰጠው? ለማን ነው መልእክት ሲያስተላልፍ የነበረው? እንዲህ ነው ጥያቄው። አሻጥር። ያችው ቃል።

ያችው ቃል! ደጋግሜ አልኳት። አሻጥር፣ አሻጥር። ምሳዬን በደንብ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ተኛሁ፤ ያለ ሕልም።

ይህን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። እኔ ሰላምታ እንዲነሱት ነበር የፈለግኩት። ያገኘሁት በልኩ የተቆረጠ ነው፤ እንደኔው፣ በኤሌክትሪክ፣ በአንድ ማታ፣ በአንድ ቃል።

ግንቦት 13፣ እሑድ

የሺ መጣች፤ የሥዩም ሚስት። ደጃፍ ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። የመብራት ዕቃ ነው በሏቸው።"

"እኔ ስታሰር በለጡ አንቺ ቤት መጥታ አልነበረም? ምን አልሻት?"

አላለቀሰችም። "በሩን አልከፈትኩላትም" አለች። "ከውስጥ ቆሜ ሰማኋት። አልከፈትኩም።"

በለጡ መጥታ አነሳቻት። አስገባቻት። ውሃ ሰጠቻት። እኔ ውጪ ቀረሁ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ።

ግንቦት 14፣ ሰኞ

ጸጥታዎቹ ጠሩኝ። መርማሪው ሻምበል ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ። ጠረጴዛው ላይ ሣጥኑ አለ። አጠገቡ የኔ ወረቀት፤ አራቱ መስመር፣ ፊርማዬ።

"ይህን የመረጡለት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። የመብራት ዕቃ ነው።"

"ተምረዋል። ዩኒቨርሲቲ። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ይህ ሣጥን የሬዲዮ ሞገድ ያወጣል ወይስ አያወጣም?"

"ያወጣል። ግን—"

"ግን አልጠየቅኩዎትም። በአንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙ። ከዚያ እርስዎ በዚህ ነገር የሉበትም።"

በሥርዓት ልጽፈው ብዬ ጊዜ ጠየቅኩ። ሦስት ቀን ሰጠኝ።

አንድ መስመር። እውነት የሆነ። ማንም ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ቢመረምረው ስህተት የማያገኝበት። ሥዩም ከዚያ በኋላ ፀሐይ አያይም።

ግንቦት 15፣ ማክሰኞ

አስፈቅጄ ሥዩም ወደታሰረበት ሄድኩ። ለምን? ላየው። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ ላየው ብዬ ነው። እዚያው ግቢ፣ እኔ ከታሰርኩበት ክፍል ሁለተኛ በር። ጫማውን አውልቀውበታል። ያለ እስክሪብቶዎቹ ትንሽ ነው።

"ጋሼ… መጡ?"

ዓይኔን አፍጥጬ እያየሁት ቆምኩ። ይህን ሰዓት ስንት ዓመት ጠበቅኩት? የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼው ነበር፤ ስንት ሌሊት። አንድም አልመጣ አለኝ።

"ምን ብለው ጠየቁዎት?" አለ።

"ሞገድ ያወጣል ወይስ አያወጣም አሉኝ።"

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመ። "እኔንም ያን ጊዜ እንዲሁ ነው ያሉኝ። በእጁ አጠፋው ወይስ አላጠፋውም? አጠፉት አልኩ። ዋሸሁ?"

"ዘይቱ ወርዷል ብሎ የጮኸ ማን ነበር? ለምን እሱን አልተናገርክም?"

"አልጠየቁኝም።"

ጥርሴን ነከስኩ። አልጠየቁኝም! ሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ አልጠየቁኝም!

ከዚያ ቀስ ብሎ፦ "እርስዎስ፣ ጋሼ? ሬዲዮ እንደሚያፍን ያውቁ ነበር?"

ዝም።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

አፌ ላይ መጣ። ሙሉውን መጣ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ። አልጠየቅከኝም።

አላልኩትም። ወጣሁ።

ግንቦት 16፣ ረቡዕ

አልጻፍኩም። አልበላሁም። ትምህርት ቤትም አልሄድኩም። እንዴት ነው እኔ የሱን እጅ ጽሑፍ የጻፍኩት?

ግንቦት 17፣ ሐሙስ

ጻፍኩ። ሦስት ገጽ።

መጀመሪያ ሻምበሉን ከነሣጥኑ በግድ ወደ ዓብዱልባሲጥ ሱቅ ወሰድኩት። "ሳያዩ የሚፈርሙ ከሆነ ወረቀቴም አይጠቅምዎትም" አልኩት፤ ተቆጣ፤ ግን መጣ። ሬዲዮ ከፈትን። ቀላሉን አበራሁ፤ ንቡ መጣ። ከባዱን አበራሁ፤ ጸጥ። ቀላሉን፣ ንቡ። እሱ ራሱ በእጁ አምስት ጊዜ ሞከረው። "ታዲያ ይህ ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው?" አለ። "ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው" አልኩት። ዓብዱልባሲጥ ጥግ ይዞ፣ "እኔ የሸጥኩት ሣጥን ነው፣ ጌታዬ" ይላል እየደጋገመ።

ከዚያ ጻፍኩ። መሣሪያው መልእክት አያስተላልፍም፤ የሚረጨው ጩኸት ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ማዕዘን ያለው ሞገድና በአጥር ላይ የተጎተተው ሽቦ ነው። ሥዩም ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በመጨረሻም አምስተኛውን መስመር፦ "ሬዲዮ እንደሚያውክ አስቀድሜ ሞክሬ አውቅ ነበር። በግል ቂም ምክንያት ሆን ብዬ ሳልነግረው ቀርቻለሁ።"

ሻምበሉ አነበበው። "ይህን የመጨረሻውን ይሰርዙት። አያስፈልግም። ራስዎን ነው የሚያስሩበት።"

"አይሰረዝም።"

"ለዚህ ሰው ብለው?"

ለሱ ብዬ አይደለም። አልማርኩትም። ዛሬም ባየው ሆዴ ይነድዳል። ግን ግማሽ እውነት ጽፎ መፈረም የሱ ሙያ ነው። በሱ ሙያ አልገባም። ከሱ ጋር ባንድ መዝገብ አልጻፍም። ያችን እንኳ ለኔ ይተውልኝ።

ከዚያ ወደ ዱባ ሄድኩ፤ እሱንም ነገርኩት። ፍየሏ የሄደችው በኔ ነው አልኩት። "ፍየሏ ፍየል ናት" አለ። "ንቡ በበላቸው ማታዎች ግን ልጄ ያለበትን ቦታ ይሉ ነበር ይሆን?"

ሰኔ 5፣ ሰኞ

ሥዩምን ፈቱት። ሰሌዳዎቹን መለሱለት፤ ቀላሉን ሣጥን አስቀሩት። ከባዱን ገዛ አሉ፤ ሁለት ሰው ተሸክሞለት ሄደ። ማታ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ተሰማ። ዱባ አሁንም ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል። ደብዳቤ የለም።

ለኔም ደብዳቤ መጣልኝ። "ሙያዊ መረጃ ሆን ብለው በመደበቅዎ…" ወደ ተልተሌ ተዛውሬአለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ላስተምር። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የተናደድኩት። አነጋገሩ ልክ ነው። ደብቄአለሁ። እኔን የቀጡበት ወረቀት ላይ ሁሉም ቃል እውነት ሲሆን ይኸ የመጀመሪያው ነው።

ሥዩም አልመጣም። እንዲመጣም አልፈለግኩም።

ጥቅምት 9 ቀን 1982፣ ሐሙስ፣ ተልተሌ

ከነገሌ ይልቅ እዚህ ይሞቃል። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው። ተማሪው ሠላሳ፤ መጽሐፍ አራት። የሚተኛ ግን የለም።

ጠዋት የጤና ጣቢያው ሰው መጣ። የፀሐይ ሰሌዳ ሊላክላቸው ነው፤ ለመብራት ኢንቨርተር ምረጡ ተብለዋል፤ የቱ ይሻላል? ወረቀት አወጣሁ። ጉዳቱን መጀመሪያ ጻፍኩ። ቀላሉ ሬዲዮ ያፍናል፤ ለመገናኛ ሬዲዮአችሁ አይሆንም። ከዚያ ጥቅሙን። አንብቦ፣ "እንዲህ ሰው የሚያስፈራ ምክር አይቼ አላውቅም" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የዓብዱልባሲጥ የጨው መኪና ገባ። ሹፌሩ ፖስታ ሰጠኝ። ላኪ የለበትም። ውስጡ አንድ ወረቀት፣ አንድ መስመር፦

"መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ማታ፣ ዘይቱ አልቋል፣ ያጥፉት ብዬ ለኢንጂነር ኃይለሚካኤል የጮኽኩት እኔ ነኝ።"

ፊርማው ያው ነው። በዚያ ምስክርነት ግርጌ ያሳዩኝ፣ ጭራው የሚጠመዘዝ።

በለጡ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልጋውን አንጥፋ ትራሶቹን ዘርጋ ዘርጋ አድርጋ አስቀመጠች።

ዘይቱ አላለቀም ነበር። ግፊቱ ነው የወረደው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አስተምሬው ነበር፤ ስንት ጊዜ አስተማርኩት። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ቃሉ ላይ አስጠጋሁት…

መልሼ ከደንኩት።